ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ፦ ቦኬና የጨርጨር ጎረቤቶቿ

የቦኬ ወረዳ ከተማ ቦኬ ጢቆ ትባላለች። «ጢቆ» በኦሮምኛ «ትንሽ» ማለት ስለሆነ ስሟን የጠራ ሁሉ «ትንሿ ቦኬ» ማለቱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚዘልቀው አስፋልት አያገኛትም። መንገደኛው የሚኤሶን ቆላ አቋርጦ፣ ጠመዝማዛውን አቀበት ወጥቶ፣ ጭሮ ላይ አረፍ ብሎ ወደ ሂርናና ወደ ቁልቢ ሲያቀና ቦኬ ከመስመሩ በስተደቡብ ከተራሮቹ ማዶ ትቀራለች። ጎረቤቶቿ እነ ቁኒ፣ በዴሳ፣ ገለምሶና መቻራም ቢሆኑ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በቡናቸው ወይም በጫታቸው ነው።

የጨርጨርን፣ ማለትም ቦኬና ጎረቤቶቿ ያሉበትን የምዕራብ ሐረርጌ ደጋ፣ ታሪክ የምናውቀው ቆራርጠን ነው። አንዱ ባቡሩን ያነሳል፣ ሌላው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትን፣ ሌላው ኦዳ ቡልቱምን፣ ሌላው የሐረር ሰንጋን። እኔ ቁርጥራጮቹን በዘመን ቅደም ተከተል ስደረድራቸው አንድ ጥያቄ በሁሉም ውስጥ ሲመላለስ አየሁ፦ የዚህ አገር ሰው የት ይሰብሰብ፣ የት ይስፈር፣ የት ይገበያይ የሚለውን በየዘመኑ የወሰነው ማን ነው? (ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1878 ዓ.ም.፦ በኦዳው ሥር

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አባ ባሕርይ የተባለው መነኩሴ ስለ ኦሮሞ በጻፈው አጭር ድርሳን በሬንቱ የተባለውን ነገድ ልጆች ሲዘረዝር የኢቱንና የሁምበናን ጎሳዎች ይጠቅሳል። ዛሬ ምዕራብ ሐረርጌ በምንለው ደጋ ላይ የሰፈረው በዋናነት ኢቱ ነው። ያ ምዕተ ዓመት ለምሥራቁ አገር የእሳት ዘመን ነበር፤ የኢማም አሕመድ ጦርነት የክርስቲያኑንም የአዳልንም ጉልበት አሟጦ አልፏል፣ ሐረርም በግንብ ታጥራ ራሷን ለመጠበቅ ተገድዳለች። በዚያ መካከል ከብት አርቢ ሆኖ የመጣው ኢቱ ጨርጨር ላይ ሲደርስ ዝናብ የማያጣው፣ ጥቅጥቅ ደን የለበሰ ተራራ አገኘ። ቀስ በቀስም ማሽላ ዘሪና ቡና ተካይ ሆነ።

መሰብሰቢያው ኦዳ ቡልቱም ነበር። ኦዳ የሾላ ወገን የሆነ፣ ጥላው ሰፊ ዛፍ ነው። ቡልቱም የሚገኘው ከበዴሳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ሲሆን፣ ኢቱና ሁምበና በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያስረክቡበት፣ ሕግ የሚደነግጉበት፣ የደም ካሳ የሚቆርጡበት የገዳ ማዕከል ነበር። ነገሥታት የሚከትሙበት ቤተ መንግሥትም ሆነ ግንብ አልነበረውም። ጉባኤው ሲያበቃ ሰው ወደየጎጡ ይበተንና ሥፍራው ለዛፉና ለከብቱ ይቀራል። ከቦኬ የሚነሳውም፣ ከቁኒ የሚነሳውም፣ ከቆላው ዳር የሚነሳውም ተጉዞ የሚደርስበት ቦታ ይኸው ነበር። የእስልምና ትምህርትም ከሐረር በነጋዴና በሼክ አማካይነት ወደ ጨርጨር ሲገባ ጉባኤውን አላፈረሰውም፤ ብዙው ሰው ሰላቱን እየሰገደ ወደ ኦዳውም ይወርድ ነበር።

ጎረቤት ማለት ግን ኢቱ ብቻ አልነበረም። ከደጋው ሥር፣ በሚኤሶና በአፍደም ቆላ፣ ዒሳ ሶማሌና አፋር ግመላቸውን ያሰማራሉ፤ ወደ አዋሽ በኩል የከረዩ ኦሮሞ አለ። በአሰቦት ተራራ ላይ ደግሞ የደብረ ወገግ ገዳም አለ። ደጋው እህል አለው፣ ቆላው ከብትና ቅቤ። በደህናው ዓመት ይገበያያሉ፣ ዝናብ ሲጠፋ ስለ ውኃና ስለ ግጦሽ ይጋጫሉ፣ ሽማግሌ ደግሞ ያስታርቃቸዋል። ይህ የመገበያየትና የመጋጨት ዙር በኋላ የመጡት መንግሥታት ሁሉ የወረሱት ነገር ነው፤ አንዳቸውም አልፈጠሩትም።

ከ1878 እስከ 1909 ዓ.ም.፦ ጦሩና ባቡሩ

የመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ የመጣው ከምዕራብ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዓይናቸው ሐረር ላይ ነበር፤ ወደ ሐረርና ወደ ባሕር የሚያደርሰው የደጋ መንገድ ደግሞ የኢቱን አገር ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ ከሐረር በፊት ኢቱ መያዝ ነበረበት። በ1878 ዓ.ም. ደጃዝማች ወልደ ገብርኤል፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሰይጣን፣ ጦር ይዘው ዘመቱበት። ኢቱ በጦርና በጋሻ ተከላከለ፤ ጠመንጃ ግን አሸነፈው። በተከታዩ ዓመት፣ በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዋን ያዙ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሁለት ፈረንሳውያን ከእንጦጦ ተነስተው በኢቱ አገር በኩል ወደ ሐረር ተሻገሩ። አንደኛው አሳሹ ዡል ቦሬሊ ነው። ሁለተኛው ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ ሲሆን ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጦ ሒሳቡን ጨርሶ መመለሱ ነበር። ራምቦ የጉዞውን መስመር በማስታወሻ አስቀርቷል፤ የኢቱን ደኖችም አድንቋል። ደኑን ሲያደንቅ አገሩ ከተያዘ ገና አንድ ዓመት መሆኑ ነው። ያ ደን ዛሬ አብዛኛው የለም።

«ከተማ» የሚለው ቃላችን መጀመሪያ የጦር ሰፈር ማለት እንደነበር እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ጨርጨር ውስጥ ከተማ የመጣው በዚሁ ትርጉሙ ነው። ከፍ ያለና ለጥበቃ የሚመች ኮረብታ ተመርጦ ጦር ይከትምበታል፣ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል፣ ከሥሩ ገበያ ይቆማል። ዙሪያው ያለው ገበሬ ደግሞ ለወታደሩ ገባር ተደርጎ ተመደበ፤ እህል ያስገባል፣ ማር ያስገባል፣ እንጨት ይሸከማል፣ የሹሙን እርሻ ያርሳል። ከአገሬው መካከል ባላባት ተብለው የታወቁት በአዲሱ ሹምና በሕዝቡ መካከል ቆሙ። የኦዳው ጉባኤ ሥልጣኑን አጣ። ሕግ የሚወጣው በዛፍ ሥር በንግግር መሆኑ ቀርቶ ከኮረብታው የሚወርድ ትእዛዝ ሆነ። የዚህን ለውጥ ክብደት ከጨለንቆው ጦርነት አሳንሼ አላየውም፤ ጦርነቱ በአንድ ቀን አልቋል፣ ገባርነቱ ግን እስከ ልጅ ልጅ ዘልቋል።

ሁለተኛው መታጠፊያ በብረት መጣ። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. የዛሬዋን ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ከፍታ ላይ ስላለች ሐዲዱ ወደ እሷ መውጣት አልቻለም፤ በቆላው ተጉዞ ሌላ ከተማ ወለደ። የጨርጨርም ዕጣ ያው ሆነ። ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል ከተራራው ሥር በአፍደም፣ በአሰቦትና በሚኤሶ በኩል አለፈ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ለዘመናት ነጋዴ በደጋው ላይ የሚያልፍበት አገር አሁን ጭነቱን ወደ ቆላ ጣቢያ ማውረድ ግድ ሆነበት። የቡና ጆንያ የጫኑ በቅሎዎችና አህዮች ከላይ ወደ ሚኤሶ ይወርዱ ጀመር።

ከ1909 እስከ 1928 ዓ.ም.፦ ተፈሪ አሰበ

ሐረር የራስ ተፈሪ አባት ይገዙት የነበረ አገር ነው፤ ጨርጨር ደግሞ ለሐዲዱም ለሐረርም የቀረበ፣ ቡና የሚሰጥ ለም ደጋ። አልጋ ወራሹ ተፈሪ ለመሳፍንቱ «ዘመናዊ አስተዳደር ይህን ይመስላል» ብለው ሊያሳዩበት የሚችሉት አውራጃ ቢፈልጉ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የላኩትም ሰው ተራ ሹም አልነበረም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ማግሥት በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው መድፈኝነት ተምረዋል፤ ኋላም በፈረንሳይ ስለ እርሻ ተምረዋል። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተሰኘውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት እሳቸው ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው፤ በኋላ ጣሊያን ሲመጣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያ ድምፅ ሆነው ቆመዋል።

ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ከሚኤሶ ጣቢያ በላይ፣ ደጋው ጠርዝ ላይ፣ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። አገሬው ቦታውን ጭሮ ይለዋል። አዲሱ ስም ግን አሰበ ተፈሪ ሆነ፤ ተፈሪ አሰበ፣ ከተማውም ሆነ ማለት ነው። አንድ ሰው ባዘዘው ሐሳብ የተሠራ ከተማ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ስም በአገራችን አላውቅም። አሮጌዎቹ የጦር ከተሞች ኮረብታ ፈልገው የተተከሉ ሲሆኑ ይህኛው ግን ጣቢያውን እያየ የተተከለ ነው። ቦታውን የመረጠው ጠባቂ ወታደር መሆኑ ቀርቶ ቀረጥ፣ ቡናና መንገድ ሆነ። ያ ለውጥ ቀላል አይደለም፤ ገበሬው ግን በሁለቱም ጊዜ አልተጠየቀም።

ከተክለ ሐዋርያት በኋላ ጨርጨርን የያዙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እኚህ ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው ያደጉ፣ ሐኪም ሆነው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን ጨርጨር በይፋ የምሳሌ አውራጃ ሆነ፤ የተማሩ ወጣቶች በደመወዝ ተሹመው የጉልት ሹሞችን ቦታ ይይዙ ዘንድ የታሰበበት ሙከራ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ወርቅነህ ለንደን ላይ መልእክተኛ እንዲሆኑ ተላኩ። ሙከራው ሥር ሳይሰድ ጦርነቱ ደረሰ።

ይህን ዘመን ስጽፍ ልቤ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሁለቱም ሰዎች ለአገራቸው ያሰቡት ደግ ነበር፤ የገባሩን ሸክም ማቃለል ይፈልጉ ነበር። ይሁን እንጂ የምሳሌነቱ ብርሃን ከአሰበ ተፈሪና ከሐዲዱ ጎን ብዙ አልራቀም። እነ ቦኬ ከዚያ ብርሃን ውጭ፣ ግብር በሚከፍሉት ወገን ቀሩ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ አምስቱ ዓመታት

ጣሊያን ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። አሰበ ተፈሪንም በፋሺስቱ ምልክት «አስባ ሊቶሪያ» ብሎ ሰየማት። በእነዚህ ዓመታት የጭነት መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ለወራሪው ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ የጨርጨር ጫካና ገደል ደግሞ ለአርበኞች መጠለያ።

ነፃነቱ የመጣበት መንገድ ብዙም አይነገርም። መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ሐረርን ያስለቀቀው በእንግሊዝ ጦር ሥር የነበረው የናይጄሪያ ብርጌድ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ መንደሮች፣ ከኒጀር ወንዝ ዳርቻ ሳይቀር ተመልምለው፣ በሶማሊያ በረሃና በማርዳ በር ተዋግተው የመጡ ጥቁር ወታደሮች ናቸው። ከዚያ የደቡብና የምሥራቅ አፍሪካ ጦር በጨርጨር በኩል ወደ አዋሽ ገፍቶ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። በመንደራቸው ስሟን እንኳ ሰምተው ለማያውቋት አገር የሞቱ አፍሪካውያን ስለሆኑ መታሰቢያቸው በእኛም ታሪክ ውስጥ ሊሰፍር ይገባል።

ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ የቡናው ዘመን

ከነፃነት በኋላ አሰበ ተፈሪ «ጨርጨር፣ አዳልና ጋራ ጉራቻ» የተባለው አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች፤ ገለምሶ ደግሞ የሀብሮ አውራጃ። የቡና ዋጋ ጥሩ ነበርና ደጋው ሁሉ ቡና ሆነ። የጨርጨር ቡና አይታጠብም፤ ቀይ ፍሬው ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሸከሸካል። ቤት ውስጥ ደግሞ ምንም አይጣልም፤ ገለባውና ቅጠሉ ተፈልቶ በወተት «ሆጃ» ይሆናል። ነጋዴው ጆንያውን ወደ ድሬዳዋ ያወርዳል፤ ከዚያ ባሕር ይሻገራል። ዓለም የሚያውቀው ግን «ሐረር ቡና» ተብሎ ነው። ሐረር ከተማ ስሙን ሰጠች፣ ፍሬውን የለቀሙት ገለምሶ፣ በዴሳ፣ ሂርናና እንደ ቦኬ ያሉ ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

ከቡናው ጎን ሌላ ጥበብ አለ። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ግጦሽ የለም። ገበሬው በሬውን ካረሰበት በኋላ ቤቱ ደጃፍ ላይ አስሮ፣ ከማሽላው ማሳ እያሳሳ የነቀለውን ቅጠልና አገዳ በእጁ ይመግበዋል። እንደ ልጅ ያሳድገዋል ቢባል ማጋነን አይደለም። በወራት ውስጥ የሚወጣው የሐረር ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የገነነ ነው። ማሽላውን «ሙይራ»፣ «ፈንዲሻ» እያለ በየዓይነቱ ለይቶ የሚዘራው ይህ ገበሬ በየትኛውም ዘመን መንግሥት ያስተማረው ሰው አይደለም።

መሬቱ ግን የራሱ አልነበረም። ጭሰኛው ከምርቱ እያካፈለ የሚኖር ሲሆን የቡናው ዋጋ ሲጨምር የባለመሬቱም ፍላጎት አብሮ ጨመረ። ቅሬታው እየከረረ ሄዶ በ1966 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኤሌሞ ቂልጡ በሚል የትግል ስም የሚታወቀው የሸማቂዎች መሪ ሐሰን ኢብራሂም ጢሮ በሚባል ሥፍራ ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋግቶ ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው የወረዱት ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ነው።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ ቤት ተሸክሞ መሄድ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ሲባል ጭሰኝነት በአንድ አዋጅ ቀረ። ጨርጨር ውስጥ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ደስታ የሰጠ አዋጅ አልወጣም ብል ብዙ ሰው የሚስማማ ይመስለኛል። የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ገበሬው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ጎጥ ተሰብስቦ የራሱን ሰው መረጠ።

ደስታው አልሰነበተም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ ምሥራቁን አናወጠ፤ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ፣ ደጋው በታጣቂና በሚሊሺያ መካከል ተያዘ። ከጦርነቱ በኋላም ሰላም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ መንግሥት በየገደሉ የተበታተነውን ገበሬ በጥርጣሬ ያየው ነበር።

ከዚያ መንደር ምሥረታ መጣ። ዘመቻው በአገር ደረጃ ሲጀመር የመጀመሪያው ቦታ ሐረርጌ ነበር፤ በ1977 እና 1978 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ከነባር ጎጡ ተነስቶ በአዲስ መንደር ሰፈረ። የተነገረው ምክንያት ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውኃ በአንድ ቦታ ለማቅረብ ነው፤ በሽምቅ ውጊያ በተነካ አገር ሕዝቡን በዓይን ሥር ማድረጉም ሌላው ምክንያት ነበር። ገበሬው ጎጆውን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ ምሰሶውንና ሣሩን በትከሻው ተሸክሞ ወረደ፤ በገመድ በተለካ ቀጥ ያለ መስመር ላይ እንደገና ሠራ።

የጨርጨር እርሻ እንዴት እንደሚኖር ለሚያውቅ ሰው ጉዳቱ ግልጽ ነው። ማሽላ ሲያሽት ቀን ከወፍ፣ ከጦጣና ከዝንጀሮ መጠበቅ አለበት፤ ቡናና ጫት ሌሊትም ጠባቂ ይሻሉ። የታሰረው ሰንጋ ምግቡ ማሳው ላይ ነው። ቤቱ ከማሳው ሲርቅ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ብዙዎች ድንበር አቋርጠው ሶማሊያ ቱግ ወጃሌ በሚባለው የስደተኞች ጣቢያ ተጠለሉ፤ ከረሃብ የከፋ ኑሮም አዩ። ከአጼው ዘመን ገባርነት ጋር ሲነጻጸር ዘመኑ አጭር ነው። ሆኖም ሰው በገዛ ቤቱ ቦታ ላይ እንኳ ያልተጠየቀበት ብቸኛው ጊዜ ይህ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ ገበሬው ማንንም አልጠበቀም፤ ምሰሶውን ነቅሎ ወደ ጎጡ ተመለሰ።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ፦ ጫት፣ ድንበርና የተመለሰው ጉባኤ

ከመንግሥት ለውጡ በኋላ የመጣው አዲሱ የአስተዳደር አከፋፈል ጨርጨርንና ሀብሮን ምዕራብ ሐረርጌ በሚል አንድ ዞን አደረጋቸው። አሰበ ተፈሪ ወደ ነባር ስሟ ወደ ጭሮ ተመለሰች፤ ቦኬም በዞኑ ውስጥ ራሷን የቻለች ወረዳ ሆነች።

በማሳው ላይ የመጣው ለውጥ ግን ከአስተዳደሩ ይበልጣል። የዓለም የቡና ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ፤ ከዚያም ቀደም ብሎ የቡና ፍሬ በሽታ ማሳውን አጥቅቶ ነበር። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ድርቅ ይችላል፣ ገንዘቡ በእጅ ነው። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ይህን በሥነ ምግባር ብቻ የሚመዝን ሰው የልጆቹን የዓመት ቀለብ ከአንድ ጥማድ ባነሰ መሬት ላይ ለማውጣት የሚታገለውን ሰው ሒሳብ አላየም። ጫት ጠዋት ተቆርጦ በዚያው ቀን መድረስ ስላለበት ደግሞ የመንገድ ዋጋ እንደገና ናረ፤ ከአስፋልት የራቀ ወረዳ ከማሳው ላይ የሚያገኘው ዋጋ ዝቅ ያለ ነው።

በቆላው በኩል ደግሞ የጥንቱ የግጦሽ ክርክር የክልል ድንበር ክርክር ሆነ። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ባሉ ከ420 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ሕዝቡ «የት ትሆናለህ?» ተብሎ በድምፅ ተጠየቀ፤ ከቀበሌዎቹም አብዛኞቹ ወደ ኦሮሚያ ሆኑ። ሚኤሶ ግን በሁለት ወረዳዎች ተከፍላ ቀረች። ድምፁ ያረጋጋዋል የተባለው ነገር በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ተመልሶ ፈነዳ፤ ለትውልድ የተገበያዩና የተጋቡ ጎረቤቶች ተፈናቀሉ፣ ተገደሉ። በሐዊ ጉዲናና በዳሮ ለቡ ወረዳዎች የደረሰው እልቂት በሁለቱም ወገን የንጹሐንን ደም አፍስሷል።

በእነዚያው ዓመታት የኦዳ ቡልቱም ጉባኤ እንደገና ሕይወት ዘራ። በኅዳር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ስብሰባ ዩኔስኮ የገዳ ሥርዓትን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቆ ነበር፤ እሱም እንደ አያቱ በሚኤሶ ቆላ እንጂ በደጋው አላለፈም። ጭሮ ውስጥ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተና ኦዳ ቡልቱም ተባለ። አሁን ጭሮ ላይ «ኦዳ ቡልቱም» ያለ ወጣት ግቢውን ማለቱ ነው። ወደ ደቡብ፣ በዴሳንና ቁኒን አልፎ ወደ ቦኬ ሲወርዱ ግን ስሙ አሁንም የዛፉ ነው።